የግሬና ከረሜላ፤ ታሪኩና አሠራሩ

መግቢያ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በስዊድን አገር፥ ግሬና በተባለች ትንሽ ከተማ የሚሠራውን፥ «ፖልካግሪስ» የሚሉትን ጠንካራ ከረሜላ ታሪክና አሠራር ለአንባብያን መግለጽ ነው። ከረሜላ ለጥናት የሚበቃ ነገር ነውን? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ሥራውን ስጀምር የልጆች ጣፋጭ ስለ ሆነ ብዙ የሚጻፍበት አይመስለኝም ነበር። ነገር ግን ጠለቅ ብዬ ስመለከት፥ ጣት በምታህል ቀይና ነጭ ዘንግ ውስጥ የአንዲት ባል የሞተባቸው ሴት ኑሮ፥ የአንድ አገር የንግድ ሕግ፥ የስኳር ጠባይና የእጅ ጥበብ አብረው ተገምደው እንደሚገኙ ተረዳሁ።

ይህን ከረሜላ በመጀመሪያ ያየሁት በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስማር ነው። አንዲት ስዊድናዊት መምህራችን በገና ሰሞን ከአገራቸው በፖስታ የሚላክላቸውን ጥቅል ይፈቱና፥ በውስጡ ያለውን ወፍራም ዘንግ በመዶሻ ሰባብረው ለክፍሉ ልጆች ያካፍሉን ነበር። ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ሽታው የናና ነው፤ መልኩም እንደ ወተት የነጣ ሆኖ በዙሪያው ቀይ መስመር ይጠመጠምበታል። እኔም፥ «ይህ ቀይ መስመር በብሩሽ የተቀባ ነውን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መምህራችንም ሳቁና፥ «እኔ መብላቱን እንጂ መሥራቱን አላውቅም፤ የሚያውቁት የግሬና ሰዎች ናቸው» አሉኝ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ከጽሑፉ ከፊሉ ስለ ነገሩ ከተጻፈው የተሰበሰበ ሲሆን፥ ከፊሉ ደግሞ እኔ ራሴ በማደሪያችን ወጥ ቤት ካደረግሁት ሙከራ የተገኘ ነው። በተለይ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስኳር ከረሜላ ከመሆኑ በፊት

ወደ ግሬና ከመድረሳችን በፊት ስለ ስኳር ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። የሸንኮራ አገዳን ጭማቂ አፍልተው ደረቅ ስኳር ማውጣትን አስቀድመው ያወቁት የሕንድ ሰዎች ናቸው። በሳንስክሪት ቋንቋ «ሻርካራ» ይሉት የነበረው ስም በፋርስ በኩል ወደ ዓረብኛ ገብቶ «ሱከር» ሆነ፤ ከዚያም ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ሁሉ ተሠራጨ። እኛም «ስኳር» የምንለው ከዚሁ ግንድ ነው። «ከረሜላ» የሚለው ቃላችን ግን የተገኘው ከጣሊያንኛ ነው።

በመካከለኛው ዘመን ስኳር ከምግብ ይልቅ መድኃኒት ነበር። የፋርስና የዓረብ ሐኪሞች «ፋኒድ» የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ይኸውም ስኳሩ ተፈልቶ ከወፈረ በኋላ እየተሳበና እየተጠማዘዘ እንደ ዘንግ የሚሠራ ሲሆን፥ ሳልና የደረት ሕመም ላለበት ሰው ይታዘዝ ነበር። ይህ ጥበብ ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቀማሚዎች ተላለፈ። ስለዚህ የፈላ ስኳርን መሳብ በግሬና የተፈጠረ አይደለም፤ ብዙ መቶ ዓመት ያስቈጠረ አሮጌ እውቀት ነው።

ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ መንግሥታት በካሪብ ባሕር ደሴቶች ላይ አገዳ ተከሉ። ሥራውም በአፍሪካውያን ባሮች ጫንቃ ላይ ስለ ተጫነ፥ ለአውሮፓ ሕዝብ ስኳር የረከሰው በብዙ ሰው መከራ ነው። በ1747 ማርግራፍ የተባለ የበርሊን ኬሚስት ቀይ ሥርን ከሚመስል ነጭ ሥራ ሥር ውስጥ ከአገዳው ጋር አንድ የሆነ ስኳር መኖሩን ገለጠ። ደቀ መዝሙሩ አካርድም በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በሲሌዢያ ፋብሪካ አቆመ። በዚህ ምክንያት አገዳ የማይበቅልባቸው የሰሜን አገሮች ስኳር በገዛ መሬታቸው ለማግኘት ቻሉ፤ በመቶ ዓመቱም ውስጥ ስኳር ከሀብታሞች ማዕድ ወደ ተራው ሕዝብ ቤት እየወረደ ሄደ። ለማነጻጸር ያህል በአገራችን የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. መሆኑን ማስታወስ ይበቃል፤ ከዚያ በፊት የጣፋጭነት ሁሉ መለኪያ ማር ነበር።

ከተማዋና የከረሜላው ስም

ግሬና በደቡብ ስዊድን፥ ቬተርን ከተባለው ታላቅ ሐይቅ በስተምሥራቅ፥ በሐይቁና በገደሉ መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። የቈረቈሯት ፔር ብራሄ የተባሉት መስፍን በ1652 ነው። በፒር ፍሬ ተክሏ ትታወቃለች። በ1897 በባሎን ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ዋልታ ለመድረስ ሞክሮ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሞተው አንድሬ የተባለው ስዊድናዊ ኢንጂኔርም የተወለደው በዚችው ከተማ በ1854 ነው። ይሁን እንጂ የከተማዋን ስም ለሕፃን ሁሉ ያስተዋወቀው ባሎኑ ሳይሆን ከረሜላው ነው።

«ፖልካግሪስ» የሚለው ስም ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው። «ፖልካ» ከቦሔሚያ ተነሥቶ በ1840ዎቹ ዓመታት አውሮፓን ሁሉ ያስጨፈረ የጭፈራ ዓይነት ነው፤ በዚያ ዘመን አዲስና የተወደደ ነገር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። «ግሪስ» ደግሞ በስዊድንኛ አሳማ ማለት ነው፤ በሕዝብ አነጋገር ግን ለከረሜላም ይሰጥ የነበረ ስም ነው። እንግዲህ ስሙን ቃል በቃል የሚተረጕም ሰው «የፖልካ አሳማ» ብሎ ይስታል፤ ትርጕሙ «የዘመኑ ከረሜላ» እንደ ማለት ነው።

ወይዘሮ አማሊያ ኤሪክሶን

የግሬናን ከረሜላ ታሪክ የጀመሩት ሴት ወይዘሮ አማሊያ ኤሪክሶን ይባላሉ። የተወለዱት በ1824 ከሐይቁ በስተደቡብ ጫፍ ባለችው በዮንሾፒንግ ከተማ ነው። በ1834 የኮሌራ በሽታ ከተማይቱን በመታ ጊዜ ወላጆቻቸው ሞቱባቸውና በዐሥር ዓመታቸው ያለ ወላጅ ቀሩ። ካደጉም በኋላ በሰው ቤት አገልጋይነት ለመሥራት ወደ ግሬና መጡ። በዚያም አንደርስ ኤሪክሶን የተባለ ልብስ ሰፊ አገቡ።

ጋብቻው ግን አልቈየም። በ1858 ወይዘሮ አማሊያ መንታ ወለዱ፤ ከመንታዎቹ አንዱ ወዲያው ሞተ፤ በሕይወት የቀረችው ኢዳ የተባለችው ሴት ልጅ ብቻ ናት። ከወሊዱ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል እንዳለፈ ባላቸውም ሞቱ። አራስ ሳሉ ባልም ልጅም የቀበሩ፥ ወላጅ የሌላቸው፥ ርስት የሌላቸው የሠላሳ አራት ዓመት ሴት በምን ይኖራሉ? ያለፉበት መንገድ ሁለት ብቻ ያሳያቸዋል፤ ወይ እንደገና በሰው ቤት ማገልገል ነው፥ ወይም የደብሩን የድኾች መዋጮ መለመን ነው። እርሳቸው ግን ሦስተኛ መንገድ ፈለጉ።

እዚህ ላይ የዘመኑን ሕግ መመልከት ያስፈልጋል። በስዊድን የእጅ ሥራ ማኅበሮች ሥልጣን የተሻረው በ1846 ነው፤ ማንም ሰው፥ ሴትም ብትሆን፥ የወደደውን ንግድ እንዲይዝ ሙሉ ነጻነት የተሰጠው ግን በ1864 ነው። ያገባች ሴት በባልዋ ሞግዚትነት ሥር ትቈጠር ነበር፤ ይህም እስከ 1921 ድረስ አልተነሣም። ባል የሞተባት ሴት ግን በሕግ ፊት ራስዋን የቻለች ናት። ስለዚህ ወይዘሮ አማሊያን ያጐሳቈላቸው ኀዘን ራሱ በስማቸው አቤት ለማለት በር ከፈተላቸው። ባላቸው ቢኖሩ ኖሮ ማመልከቻው የሚጻፈው በእርሳቸው ስም አይሆንም ነበር።

በጃንዩዌሪ 10 ቀን 1859 የከተማው ሹማምንት ወይዘሮ አማሊያ ጥሩ ጥሩ ዳቦና ፖልካግሪስ እየጋገሩ እንዲሸጡ ፈቀዱላቸው። አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ የከረሜላው ስም በፈቃዱ ውስጥ ተጠቅሷል። ሹማምንቱ ስሙን ያለ ማብራሪያ ከጻፉት ነገሩ አስቀድሞ የታወቀ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ወይዘሮ አማሊያ ከረሜላውን ፈጠሩት ከማለት ይልቅ፥ በእጃቸው አሠልጥነው የከተማቸው ስም አደረጉት ማለት ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል። ሰዎች ግን ሌላ ታሪክ ያወራሉ፤ ኢዳ ጕንፋን ይዟት ስታስል እናትዋ የሳል ማስታገሻ ይሆናት ዘንድ ስኳርና የናና ዘይት ቀላቅለው ሠሩላት ይባላል። ይህን እንደ አፈ ታሪክ እንተወው፤ ሆኖም የድሮውን ፋኒድ ለሚያስታውስ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ወይዘሮ አማሊያ ንግዳቸውን አስፋፍተው፥ ልጃቸውን አሳድገው፥ በከተማው የተከበሩ ሰው ሆነው በ1923 ወደ ዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ሲቃረቡ ዐረፉ። በዚህ ሁሉ ዘመን የአሠራሩን ምስጢር ለማንም አልገለጡም፤ ሰው ሳያይ ደጅ ዘግተው ይሠሩ እንደ ነበር ይነገራል። የስስት ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መሬት የሌለው ሰው አጥሩን በምን ላይ ያጥራል? ርስታቸው ያ እውቀት ነበረ። ከሞታቸው በኋላ ምስጢሩ ተገለጠ፤ በመኪና የሚጓዘው ሕዝብ እየበዛ ሲሄድ ከረሜላ ሠሪዎችም በከተማው በዙ። በ1997 ሐውልት ቆመላቸው። በ2022 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት «የግሬና ፖልካግሪስ» የሚለው ስም በዚያው ስፍራ ለሚሠራው ብቻ እንዲሆን በሕግ ጠበቀው።

አሠራሩ

የተገለጠው ምስጢር ምንድን ነው? ስኳር፥ ውሃ፥ አቼቶና የናና ዘይት ነው፤ ለመስመሩም ጥቂት ቀይ ቀለም ይጨመራል። ሌላ ምንም የለበትም። ሥራው በሚከተለው ተራ ይፈጸማል።

1. ማፍላት። ስኳሩ በውሃ ይሟሟና አቼቶ ጠብ ተደርጎበት በእሳት ላይ ይጣዳል። ከፈላ በኋላ አይማሰልም። ውሃው እየተነነ ሲሄድ የፈሳሹ ግለት እየጨመረ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል፤ በዚያን ጊዜ ከመቶ እጅ አንድ ወይም ሁለት እጅ ውሃ ብቻ ይቀርበታል።

2. ማፍሰስ። የፈላው ስኳር ዘይት በተቀባ የእብነ በረድ ወይም የብረት ገበታ ላይ ይፈሳል። መልኩ እንደ ጠራ መስተዋት ነው። ጠርዙ ቀድሞ ስለሚበርድ እየታጠፈ ወደ መካከል ይመለሳል። የናናው ዘይት የሚጨመረው በዚህ ጊዜ ነው፤ በእሳት ላይ ሳለ ቢጨመር ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይጠፋ ነበር። ከዚሁ ላይ ጥቂቱ ተቈርጦ በቀይ ቀለም ይታሻል።

3. መሳብ። የቀረው ትልቁ ክፍል በግድግዳ ላይ በተተከለ መንጠቆ ላይ ይሰቀላል። ሠራተኛው ወደ ታች ይስበዋል፤ ያጥፈዋል፤ መልሶ ይሰቅለዋል፤ እንደገና ይስበዋል። በየጊዜው አየር በመካከሉ ስለሚገባ ያ የጠራ መስተዋት በመጀመሪያ እንደ ሐር ያበራል፥ ከዚያም እንደ ወተት ይነጣል። ነጭ ቀለም አልተጨመረበትም፤ የሚያነጣው በውስጡ የተያዘው እጅግ ረቂቅ የአየር አረፋ ነው። የዕንቍላል ውሃ ሲመታ እንደሚነጣ ያለ ነው።

4. ማልበስና መግመድ። ነጩ ስኳር ክንድ የሚያህል ወፍራም ግንድ ይሆናል። ቀዩም በቀጭን በቀጭኑ ተስቦ በግንዱ ጐን ላይ በቁመቱ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ አንዱን ጫፍ እየሳቡና እየጠመዘዙ ቀጭን ገመድ ያወጣሉ። ግንዱ ሲቀጥን መስመሩም አብሮ ይቀጥናል፤ ገመዱ ሲጠመዘዝ መስመሩም አብሮ ይዞራል። በትምህርት ቤት ለጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ቀዩ መስመር በብሩሽ የተቀባ አይደለም፥ ከነጩ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

5. ማንከባለልና መቍረጥ። ዘንጉ በመቀስ ተቈርጦ በገበታው ላይ እስኪበርድ ድረስ ይንከባለላል። ማንከባለሉ ቢቋረጥ ገና ያልጠናው ስኳር በራሱ ክብደት ይጠፈጠፋል። ሲበርድም በወረቀት ይጠቀለላል፤ ይህ ከረሜላ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ተራቁቱን ቢቀመጥ ላዩ ይሙለጨለጫል፥ እየቈየም ይጣበቃል።

ከማፍሰስ እስከ መቍረጥ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ስኳሩ እጅግ የጋለ እንደ ሆነ ከእጅ ላይ ይፈሳል፤ እጅግ የበረደ እንደ ሆነ ይሰበራል። ሊሠራ የሚቻለው በመካከል፥ እንደ ሊጥ በሚሆንበት ሰዓት ነው። ዛሬ በግሬና ሠሪዎቹ ጓንት አጥልቀው በጐብኚዎች ፊት ይሠራሉ፤ ማንም ቆሞ መመልከት ይችላል።

ስለ ምን እንዲህ ይሆናል?

የስኳር ረቂቅ ክፍሎች በጠባያቸው በመልክ በመልክ ተሰልፈው መደርደር ይወዳሉ። የምናውቀው ጥሬ ስኳር እንዲህ የተሰለፈ ነው፤ ይህን ክሪስታል ይሉታል። ከረሜላው ግን ሳይሰለፍ በድንገት የደረቀ ፈሳሽ ነው፤ በዚህም የመስኮት መስተዋትን ይመስላል። የከረሜላ ሠሪ ሥራ በአጭሩ ሲነገር ስኳሩ እንዳይሰለፍ መከልከል ነው።

የአቼቶው ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አሲድና ሙቀት ሲገናኙ ከስኳሩ ጥቂቱ ተከፍሎ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተባሉ ሁለት ዓይነት ስኳሮች ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ከዋናው ስኳር ጋር መልካቸው ስለማይገጥም በሰልፉ መካከል ገብተው ያውኩታል። ሠልፈኛ ወታደሮች መካከል ገበያተኛ ቢገባባቸው ሰልፉ እንደሚፈርስ ያለ ነው። አቼቶው ከበዛ ግን የሚከፈለው ስኳር ይበዛና ከረሜላው ሳይጠና ይጣበቃል። ከመጠኑ ቢያንስም ቢበዛም ሥራው ይበላሻል።

የራሴ ሙከራ

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ መሥራት የሚያቅተኝ አልመሰለኝም። በማደሪያችን ወጥ ቤት ግማሽ ኪሎ ስኳር፥ አንድ ብርጭቆ ውሃ፥ ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን የናና ዘይትና ከቤተ ሙከራ የተዋስሁትን የሙቀት መለኪያ ይዤ ቀረብሁ።

በመጀመሪያው ቀን አቼቶ ምን ያደርጋል ብዬ ሳልጨምር አፈላሁ፤ እየደጋገምሁም አማሰልሁት። ስኳሩ በድስቱ ውስጥ ነጭ አሸዋ ሆኖ ቀረ። መጽሐፉ ያለው ደረሰብኝ።

በሁለተኛው ቀን አንድ የሻይ ማንኪያ አቼቶ ጨምሬ፥ ሳላማስል፥ መለኪያው 150 እስኪል ድረስ ጠበቅሁ። ውጤቱ ግን መጽሐፉ ያለው አልሆነም። ፈሳሹ ወደ ቢጫነት አደላ፤ ጥቂትም የመቃጠል ሽታ ሸተተ። ስስበውም የንብ ሰም መስሎ ቀረ እንጂ እንደ ወተት አልነጣም። መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ በፈላ ውሃ ውስጥ ብከተው 92 ዲግሪ አለ። ያን ጊዜ ስሕተቴ ገባኝ። መለኪያው ትክክል ነው፤ የረሳሁት የቆምሁበትን መሬት ነው። ግሬና ከባሕር ወለል በላይ መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሐይቅ ዳር ናት፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለ ሆነ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የስኳሩም ፈሳሽ እንዲሁ ስምንት ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ በዚያው ውፍረት ላይ ይደርሳል። በእኛ አገር 150 ማለት በግሬና 158 እንደ ማለት ነው። የተጻፈው ቍጥር ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን የዚያ አገር ቍጥር ነበር።

በሦስተኛው ቀን የወጥ ቤቱ ሠራተኛ እትዬ ሲመለከቱኝ ቆይተው፥ «ልጄ፥ ምነው ዓይንህን ከብርጭቆው ላይ ተክለህ ድስቱን ረሳኸው?» አሉኝ።

«እትዬ፥ ግለቱን እየለካሁ ነው» አልኋቸው።

«ቅቤ ስናነጥር በምን የምንለካ ይመስልሃል? ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል። እሱንም ስማው፤ ይነግርሃል» አሉኝ።

በእውነትም ሳዳምጥ በመጀመሪያ የሚንዠቀዠቀው አረፋ እየረጋና እየወፈረ፥ ድምፁም እየቀነሰ ሄደ። እትዬም አንድ ጠብታ በማንኪያ አንሥተው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣሉት። በመጀመሪያው ጊዜ ጠብታው በጣት መካከል ተለጠጠ፤ በሁለተኛው ጊዜ ታጠፈ፤ በሦስተኛው ጊዜ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። «በቃ፥ አውርደው!» አሉ። መለኪያውን ባየው 142 ይላል። ይህ የቀዝቃዛ ውሃ ፈተና የአውሮፓ ከረሜላ ሠሪዎች የሙቀት መለኪያ ሳይኖር ይጠቀሙበት የነበረው ፈተና ነው። እትዬ ከማንም አልተማሩትም፤ ከራሳቸው የወጥ ቤት ልማድ አወጡት። ልብ ብለን ብናየው ፈተናው የመሬትን ከፍታና ዝቅታ አይለይም፤ የሚመረምረው የስኳሩን ውፍረት ራሱን ነውና። ቍጥሩ ከባሕር ዳር ወደ ደጋ ሲወጣ ይሳሳታል፤ የጠብታው መሰበር ግን በሐይቁ ዳርም በእንጦጦም ያው ነው።

በዚያ ቀን ስኳሩ ነጣ። ለመሳብ መንጠቆ ስላልነበረን እኔና አንድ ጓደኛዬ በሁለት ጫፍ ይዘን እየተቀባበልን ሳብነው፤ መዳፋችንም በጣም ተላጠ። ቀዩ መስመር ቀጥ ብሎ አልዞረም፤ አንዱ ዘንግ ወፍራም፥ አንዱ ቀጭን ሆነ፤ ማንከባለሉን ቶሎ ስለ ተውሁት ግማሹ ተጠፈጠፈ። ስለዚህ የሠራሁት የግሬና ከረሜላ ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ናና ናና ይሸት ነበር፤ የማደሪያው ልጆችም በአንድ ምሽት ጨረሱት።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተጻፈው ሁለት ነገር ማውጣት ይቻላል። የመጀመሪያው ታሪኩን ይመለከታል። ወይዘሮ አማሊያ ስኳርን መሳብ አልፈጠሩም፤ የከረሜላውንም ስም አላወጡም። ያደረጉት ነገር ቢኖር፥ ሕግ ጠባብ በር በከፈተላቸው ጊዜ በዚያ በር ገብተው በገዛ ስማቸው ፈቃድ ማውጣትና ስድሳ ዓመት ያህል አንድን ሥራ ሳያበላሹ መሥራት ነው። ልጅ ያሳደገ፥ ኋላም ከተማ ያበላ ይህ ነው።

ሁለተኛው ምስጢሩን ይመለከታል። ደጅ ተዘግቶ የተጠበቀው ምስጢር ሲገለጥ አራት ነገር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ አራቱም በማንኛውም ወጥ ቤትና መድኃኒት ቤት ይገኛሉ። ነገር ግን እኔ አራቱን ይዤ፥ ቍጥሩንም ጨምሬ፥ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። እንግዲህ የምስጢሩ ታላቁ ክፍል በወረቀቱ ላይ አልነበረም ማለት ነው። ስኳሩ ሊጥ የሚሆንበትን ያችን ጥቂት ደቂቃ የሚያውቅ እጅ፥ የድስቱን ድምፅ የሚያውቅ ጆሮ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አብሮ በመሥራት ካልተላለፈ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በግሬና ሥራው እስከ ዛሬ የኖረው ወረቀቱ ስለ ተገኘ ብቻ ሳይሆን አጠገብ ለአጠገብ ቆመው የሳቡ ሰዎች ስላልጠፉ ነው።

በመጨረሻ ስለ እትዬ አንድ ቃል ልጨምር። መጽሐፍ ለማንበብ የደከምሁበትን ነገር ቅቤ በማንጠር ያወቁት እርሳቸው ናቸው። በዚያው ምሽት የቅቤውን አነጣጠር ከጥሬው እስከ መጨረሻው እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸው። እርሳቸውም፥ «ደግሞ እሱን ምን ብለህ ልትጽፈው ነው?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ደብተሬን ይዤ አጠገባቸው ቆምሁ። በየቤታችን እንዲህ ያለ እጅና ጆሮ ስንት እንዳለ ያልጻፍን እኛ ተማሪዎች ነን፤ የሚቀጥለው ሥራዬም ይኸው ይሆናል።